ዲኤንኤ «ፕላን» ነው? ግሸን መንገድ ላይ የከሸፈብኝ ምሳሌ

መስከረም 21 ሁለት ቀን ሲቀረው ከዘመዶቼ ጋር ወደ ግሸን እየወጣን ነበር። አምባሰልን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰው በሰው ነው። የአክስቴ ልጅ የስድስት ወር ሕፃኗን አዝላለች። ሕፃኗ ከግራ ጉንጯ እስከ አንገቷ የሚወርድ፣ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት የሚመስል ቀይ ምልክት አላት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያትና የየራሱን ይናገራል። አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ማርያም ስማታለች፣ የታደለች!» አሉ። ትንሽ እንደሄድን ሌላ ሴትዮ ደግሞ «አምሮሽ ያጣሽው ነገር ነበር እንዴ? ያኔ ፊትሽን ነክተሽ ይሆናላ» አሏት። በባሏ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ተብሎ አልቋል። የማን ዘር እንደሆነ ለመገመት መማር አያስፈልግም።

አንድ ጥላ ስር አረፍ ስንል ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ ወንድምዓለም። ከእኔ ነው የመጣባት?»

«አብሽሪ እታለም» አልኩና ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀውን ምሳሌ አወጣሁ። «ዲኤንኤ ማለት የቤት ፕላን ማለት ነው። ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት እንወስዳለን። ከዚያ በሰውነታችን ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ያው አንዱ ፕላን ይቀመጣል።»

ዝም ብላ አሰበች። ከዚያ ሁለት ነገር ተናገረች። «ፕላኑ በሁሉም ቦታ አንድ ከሆነ ምልክቱ ለምን ግራ ጉንጯ ላይ ብቻ ሆነ? ደግሞ ፕላኑን የሰጠናት እኔና አባቷ ከሆንን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት ነዋ።»

መልስ አልነበረኝም። እሷ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ እኔ ግን በምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ የህዋስ ምስሎችን በኮምፒውተር መተንተን ላይ ነው የምሠራው። ሁለቱም ጥያቄዎቿ ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳተው የእኔ ምሳሌ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ምሳሌ የሚተች ነው። ምሳሌውን እናንተም ሰምታችሁታል፣ ምናልባትም ፈተና ላይ ጽፋችሁታል። ጥሩ ጎኑን አልክድም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ይደብቃል፣ የተደበቀው ነገር ደግሞ ሰው ይጎዳል።

ምሳሌው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1943 ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርዊን ሽሮዲንገር ደብሊን ውስጥ ተከታታይ ንግግሮች አደረገ። ንግግሮቹ በ1944 «ሕይወት ምንድን ነው?» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ወጡ። የዲኤንኤ ቅርጽ የታወቀው በ1953 ስለሆነ፣ ሽሮዲንገር የጻፈው ገና ነገሩ በጨለማ ውስጥ እያለ ነው። እዚያ ላይ ክሮሞዞሞችን ከአርክቴክት ፕላን ጋር ያመሳስላቸዋል። ግን ልብ በሉ፤ ፕላን ብቻ ናቸው አላለም። የአርክቴክቱ ፕላንም የግንበኛው ሙያም በአንድ ላይ ናቸው ነው ያለው። እኛ ግማሹን ብቻ ይዘን ቀረን። ፕላኑን ወሰድን፣ ግንበኛውን ጣልነው። ይሄ የመጀመሪያው ችግር ነው።

ሆኖም ምሳሌው ብዙ ሠርቶልናል። ከ300 ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓ፣ በወንድ ዘር ወይም በሴት እንቁላል ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ ትንሽ ሰው አለ ብለው የሚያምኑ ምሁራን ነበሩ። «ፕላን» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ገላገለን። በጽንስ ውስጥ ያለው መረጃ ነው፣ ትንሽ ሰው አይደለም። ፕላን ላይ የተሳለ በር እንደማይከፈተው ሁሉ፣ ዲኤንኤ ውስጥም ዓይንና ጆሮ የለም። ይህን ለማስረዳት ምሳሌው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስለ ለውጥ፣ ማለትም ስለ ሚውቴሽን ስንናገር ነው።

ግንባታ ቦታ ላይ ያለው ፕላንና ህዋስ ውስጥ ያለው

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሲቪል ምህንድስና ነው፣ ግንባታ ቦታም ሠርቻለሁ። እዚያ ማኅተም ያለበት ፕላን ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። ግንበኛው ሲጠራጠር ተመልሶ ያየዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዱ የመስኮት ልክ ቢያሳስት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ግንበኛ ያንን ስሕተት አይወርስም። የሚያየው ዋናውን ፕላን ነው፤ የታችኛውን ፎቅ አይቶ አይገለብጥም። ስለዚህ በግንባታ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ብቻ ነው ያለው። ወይ ፕላኑ ራሱ ተሳስቷል፣ ያን ጊዜ ሕንፃው በሙሉ ይበላሻል። ወይ ደግሞ አንድ ግንበኛ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል፣ ያን ጊዜ የሚበላሸው ያ ቦታ ብቻ ነው።

ህዋስ ውስጥ ግን ቢሮ የለም። ማኅተም ያለበት ዋና ፕላን የትም አልተቀመጠም። አንዷ የመጀመሪያ ህዋስ ለሁለት ስትከፈል ዲኤንኤዋን ትገለብጣለች። ሁለቱ አራት ሲሆኑ የተገለበጠው እንደገና ይገለበጣል። አራቱ ስምንት፣ ስምንቱ አሥራ ስድስት እያሉ፣ ሰው ሲያድግ ከ30 ትሪሊዮን በላይ ህዋሳት ይኖሩታል። እያንዳንዷ ህዋስ የያዘችው የቅጂ ቅጂ ቅጂ ነው። አንዷ ህዋስ ስታሳስት ልጆቿ የሚገለብጡት ከእሷ ስለሆነ ስሕተቷን ይወርሳሉ። እህቷና የእህቷ ልጆች ግን አይወርሱም።

በዚህ ምክንያት ህዋስ ውስጥ «ፕላን» በሚለው ምሳሌ ጨርሶ የማይታይ ሦስተኛ ዓይነት ስሕተት አለ። ሙሉ ሕንፃውን የማይነካ፣ በአንድ ቦታም የማይቀር ነው፤ ከአንዲት እናት ህዋስ የወረዱ ቤተሰቦችን ብቻ ይከተላል። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን አካል ሞዛይክ ይሉታል፣ ከተለያየ ቀለም ጠጠር እንደተሠራ ወለል ማለት ነው።

ሐይቅና ግሸን የተሻለ ምሳሌ አላቸው

የሚገርመው ነገር፣ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም ነበር። እየወጣንበት የነበረው አምባ ላይ አለ። ግሸን መጽሐፈ ጤፉት የሚባል የብራና መጽሐፍ እንዳላት ይታወቃል። በትውፊት እንደሚነገረው ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግሸን እንዴት እንደመጣ የሚተርክ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ስለሆነ ነው ይባላል። እዚያው አካባቢ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል አለ፤ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ይህንን ወንጌል በ1832 ቁጥር መዝግቦታል።

እስቲ የብራና አገለባበጥን አስቡት። ጸሐፊው አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ይገለብጣል። ደክሞት አንድ መስመር ቢዘል ከእሱ የሚገለብጡት ሁሉ ያንን መስመር አያገኙትም። ከሌላ ቅጂ የገለበጡት ግን መስመሩ አላቸው። የብራና ተመራማሪዎች ይህንን ነገር ለሥራቸው ይጠቀሙበታል። አሥር ቅጂዎችን ጎን ለጎን አድርገው የጋራ ስሕተት ያላቸውን ይለያሉ፤ ተመሳሳይ ስሕተት የሚጋሩት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እናት መጽሐፍ የወረዱ ናቸው። በዚህ መንገድ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚያሳይ የመጻሕፍት የዘር ሐረግ ይሠራል። በሌላ አነጋገር ስሕተቱ ራሱ የታሪክ ምስክር ይሆናል።

የህዋስ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት 241 አዋቂ ሰዎችን መርምሮ ገና በሽል ዘመን፣ በመጀመሪያዎቹ የህዋስ ክፍፍሎች ላይ የተፈጠሩ 163 ሚውቴሽኖችን አገኘ። እነዚህ ሰዎች ሽል በነበሩበት ጊዜ ማንም በማይክሮስኮፕ አላያቸውም። ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ደማቸው ውስጥ ያለው «የተዘለለ መስመር» የመጀመሪያዎቹን ቀናት ታሪክ ተናገረ። ጥናቱ እንደገመተው በዚያ ዘመን አንዲት ህዋስ በተከፈለች ቁጥር በአማካይ ሦስት ያህል አዲስ የፊደል ለውጦች ይፈጠራሉ። ስለዚህ ከእኛ ውስጥ ሞዛይክ ያልሆነ የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

በስድስት ቢሊዮን ፊደል ሦስት ስሕተት

ሦስት ስሕተት በዛ የምትሉ ካላችሁ እስቲ እናስላ። አንዲት የሰው ህዋስ ከእናትና ከአባት የመጣውን ደምራ ስድስት ቢሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል አላት። ስትከፈል ሁሉንም መገልበጥ አለባት። የሚገለብጠው ኢንዛይም ብቻውን ቢተው በየ100,000 ፊደሉ አንድ ጊዜ ገደማ ይሳሳታል። እንዲህ ቢሆን በአንድ ክፍፍል 60,000 ስሕተት ይመጣ ነበር። ግን ኢንዛይሙ የጻፈውን ወዲያው መልሶ ያነባል፣ የተሳሳተውን ይቆርጣል። ከኋላው ደግሞ ሌሎች ጠጋኝ ፕሮቲኖች እየተከተሉ ያላዩትን ያርማሉ። ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን የጥገና ሥራ በማብራራታቸው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ስሕተት ከቢሊዮን ፊደል አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። እኔ በምህንድስና እንዲህ ያለ ማሽን አላውቅም።

አንድ ስሕተት እንዴት «እንደሚጸና» ማየትም ጠቃሚ ነው። ዲኤንኤ ሁለት ክር አለው፤ ፊደሎቹም ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሲገለበጥ ሁለቱ ክሮች ይለያዩና እያንዳንዱ አሮጌ ክር አዲስ ጓደኛ ይሠራለታል። አዲሱ ክር ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት ጥንዱ አይገጥምም፤ ገና ሚውቴሽን አልሆነም፣ ጠጋኞቹ ሊያርሙት ይችላሉ። ሳያርሙት ቀጣዩ ክፍፍል ከመጣ ግን ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ። ትክክለኛውን ክር የወሰደችው ልጅ ህዋስ ጤነኛ ሆና ትወጣለች። የተሳሳተውን የወሰደችው ደግሞ ለተሳሳተው ፊደል የሚገጥም ጓደኛ ትሠራለታለች። አሁን ጥንዱ ይገጥማል፣ ጠጋኝ ቢመጣም ምንም ጉድለት አያይበትም። ስሕተቱ ጸና ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልክ እንደ ትክክለኛ ጽሑፍ በታማኝነት ይገለበጣል።

ዋናው ጥያቄ «መቼ?» ነው

«ፕላን» የሚለው ምሳሌ ሰዓት የለውም። ወረቀቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው። በህዋስ ክፍፍል ውስጥ ግን ሁሉንም ነገር የሚወስነው ጊዜው ነው።

ያው አንድ ሚውቴሽን በሦስት የተለያየ ጊዜ ቢፈጠር ምን እንደሚሆን እንይ። ከፅንሰት በፊት በእንቁላል ወይም በወንድ ዘር ውስጥ ከነበረ የልጁ ህዋሳት ሁሉ ይይዙታል። ሽሉ ሁለት ህዋስ ብቻ ሆኖ በአንዷ ውስጥ ከጸና፣ በግምት ግማሹ ሰውነት ይይዘዋል። ከስምንቱ በአንዷ ከሆነ አንድ ስምንተኛው። ከሳምንታት በኋላ ቆዳና የደም ሥር በሚሠሩበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ አንዲት የጉንጭ ክፍል ብቻ ልትይዘው ትችላለች። ፊደሉም ስሕተቱም ያው ነው፤ ውጤቱን የለየው ቀኑ ነው።

«በግምት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሂሳቡ የሚያምረው ወረቀት ላይ ነው። ቅድም ያነሳሁት የ2017ቱ ጥናት እንዳሳየው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ህዋሳት ለሰውነታችን እኩል አያዋጡም፤ አንዷ ከሌላዋ ሁለት እጥፍ ያህል ታዋጣለች። አንዳንዶቹ ህዋሳት የእንግዴ ልጅ ይሆናሉ፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ስለዚህ የማን ዘር እንደሚበዛ ላይ ዕድልም ድርሻ አለው።

መንትዮችን ውሰዱ። «አንድ ዓይነት» የምንላቸው መንትዮች ከአንድ እንቁላል ስለወጡ ዲኤንኤያቸው ልክ አንድ ነው ተብለን ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአይስላንድ የወጣ ጥናት ግን በእንዲህ ያሉ መንትዮች መካከል በአማካይ 5.2 በመጀመሪያ የዕድገት ዘመን የተፈጠሩ የሚውቴሽን ልዩነቶች እንዳሉ አሳይቷል። በፕላን ምሳሌ ይሄ ሊሆን አይችልም። በቅጂ ምሳሌ ግን አለመሆኑ ነው የሚገርመው።

ቀዩ ምልክት

አሁን ወደ ሕፃኗ እንመለስ። እንደ እሷ ያለው የወይን ጠጅ መሰል ምልክት ከቆዳ ስር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ከመጠን በላይ ሲሰፉ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ምልክቱ ካለበት ቆዳና ከጤነኛው ቦታ ናሙና ወስደው አነጻጸሩ። ጂኤንኤኪው በሚባል ዘረመል ውስጥ አንዲት «ጂ» ፊደል በ«ኤ» ተተክታ አገኙ። እንዲህ ያለ ምልክት ብቻ ካለባቸው 13 ሰዎች በ12ቱ ታይቷል። ከምልክቱ ጋር አንጎልንና ዓይንን በሚነካው ስተርጅ ዌበር በሚባለው ሕመም ከተያዙ 26 ሰዎች ደግሞ በ23ቱ ታይቷል። ምልክቱ ባለበት ቆዳ ውስጥ እንኳ ለውጡን የያዘው የዘረመል ቅጂ ከ1 እስከ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

አንድ ፊደል ሁለት የተለያየ ነገር እንዴት አመጣ? ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ «መቼ» የሚለው ነው። ለውጡ ቀደም ብሎ ከተፈጠረ የህዋሷ ልጆች ወደ ቆዳም፣ ወደ አንጎል ሽፋንም፣ ወደ ዓይንም ይሄዳሉ። ዘግይቶ ከተፈጠረ ቆዳ ላይ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው። ለምን ግራ ጉንጯ ላይ ብቻ? ለውጡን የያዙት ከአንዲት ህዋስ የወረዱ ህዋሳት ያሉት እዚያ ስለሆነ። ጥፋቱ የማን ነው? የማንም። ይህ ለውጥ እናትዮዋ ወይም አባትየው ከሰጡት ዲኤንኤ ውስጥ አልነበረም። የተፈጠረው ሕፃኗ ራሷ በማሕፀን ውስጥ እየተሠራች ሳለ፣ በአንዲት ህዋስ ክፍፍል ላይ ነው። ያማራትን አለመብላትም፣ ፊቷን መንካትም፣ ዘሯም አያመጣውም። እዚህ ላይ የፕላን ምሳሌ ጉዳት በግልጽ ይታያል። «ፕላኑ ከወላጅ ነው» ካልን «ስሕተቱም ከወላጅ ነው» የሚለው ራሱ ይከተላል። እኔ ጥላ ስር ተቀምጬ በሳይንስ ስም የደገፍኩት የአማቶቿን ክስ ነበር።

አንድ ነገር ላክል። ሁሉም የቆዳ ምልክት እንዲህ አይደለም፤ በቤተሰብ የሚተላለፉም አሉ። በጣም ቀድሞ የተፈጠረ ሚውቴሽን ወደ መራቢያ ህዋሳትም ሊገባና ወደ ቀጣዩ ትውልድ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞ እንዲህ ያለ ቀይ ምልክት ግንባርና የዓይን ቆብ ላይ ካለ ሕፃኑ ለዓይንና ለአንጎል ሳይዘገይ በሐኪም መታየት አለበት። «ማርያም ስማዋለች» ብሎ መደሰት ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግድም።

ጤፍ ላይ የተሳሳተ ምሳሌ ምን ያስከፍላል?

ነገሩ የሰው ብቻ አይደለም። ጤፍ አገዳው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በነፋስና በዝናብ ይወድቃል፣ የወሎ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመሩት የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ አጠር ያለ ጤፍ ፍለጋ ወጣ። የጤፍ ዘር ዲኤንኤ በሚለውጥ ኬሚካል ይታከምና ይዘራል።

በፕላን ምሳሌ የሚያስብ ሰው «ዘሩ ተለወጠ፣ የሚበቅለው ተክል ተለወጠ፣ በቃ» ይላል። ግን በደረቀች የጤፍ ፍሬ ውስጥ ያለው ሽል ከብዙ ህዋሳት የተሠራ ነው። ኬሚካሉ አንዷን ህዋስ እዚህ፣ ሌላዋን እዚያ፣ በተለያየ ፊደል ላይ ይለውጣል። ስለዚህ የሚበቅለው የመጀመሪያው ተክል ሞዛይክ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ አንድ ለውጥ፣ ሌላው ሌላ ለውጥ ይይዛል። የሚፈለገው ለውጥ ዘር በምትሰጠው ቅርንጫፍ ላይ ከሌለ ይጠፋል። ለዚህ ነው አዳቃዮች የመጀመሪያውን ትውልድ አይተው የማይፈርዱት። ዘሩን ሰብስበው እንደገና ይዘራሉ፤ ከአንዲት ህዋስ ጀምሮ ሙሉ ተክል የሚሆነው ሁለተኛው ትውልድ ላይ ይመርጣሉ።

በዚህ መንገድ «ቀኜ» የተባለ፣ አጠር ያለና መውደቅን የሚቋቋም የጤፍ መስመር ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ለውጡ አልፋ ቱቡሊን በሚባል ዘረመል ላይ ነው። ቱቡሊን ማለት ደግሞ ህዋስ ስትከፈል ክሮሞዞሞችን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትቱት ክሮች የሚሠሩበት ፕሮቲን ነው። ጤፍ ከሁለት ጥንት ወላጆች የመጣ እጥፍ ጂኖም ስላለው አንዱ ቅጂ ሲለወጥ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ተክሉ አጠረ እንጂ ሽባ አልሆነም። እዚህ ላይ ስሕተት የምንለው ነገር ሀብት ሆነ።

የእኔም ምሳሌ ጉድለት አለው

የፕላንን ምሳሌ ስተች ቆይቼ የብራናውን ሳልነካ ባልፍ አድልዎ ይሆናል። እሱም ቢሆን ሦስት ቦታ ላይ አይሠራም።

አንደኛ፣ ብራና ሲገለበጥ አሮጌው መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፣ ቅጂው ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው። ህዋስ ስትከፈል ግን «ዋና» እና «ቅጂ» የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ልጆች ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ናቸው። ሜሴልሰንና ስታል ይህን እ.ኤ.አ. በ1958 በሙከራ አሳይተዋል።

ሁለተኛ፣ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አይሽቀዳደሙም። ህዋሳት ግን ይሽቀዳደማሉ። የተለወጠችው ፈጥና የምትራባ ከሆነ ዘሯ ይበዛል፣ ካንሰርም የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው። ደካማ ከሆነች ዘሯ ይጠፋል። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ሩዶልፍ ሃፕል እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አንዳንድ ሚውቴሽኖች በሁሉም ህዋስ ውስጥ ቢኖሩ ሽሉ ስለማይተርፍ የምናያቸው በሞዛይክ መልክ ብቻ ነው የሚል ነው። ጤነኞቹ ህዋሳት የታመሙትን ተሸክመው ያሳድጋሉ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ህዋስ መጽሐፉን በሙሉ አታነብም። የደም ሥር ህዋስ የምታነበው ገጽ ሌላ ነው፣ የነርቭ ህዋስ የምታነበውም ሌላ። ስሕተቱ ማንም በማይከፍተው ገጽ ላይ ከወደቀ ዕድሜ ልካችንን ይዘነው እንኖራለን፣ ምንም አይሆንም። ከሚፈጠሩት ለውጦች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

ስለዚህ ምሳሌ ስትሰሙ ልማድ አድርጉት፤ «ይሄ ምን ያሳያል?» ካላችሁ በኋላ «ምን ይደብቃል?» ብላችሁም ጠይቁ። ፕላን መረጃን ያሳያል፤ ጊዜንና ዝምድናን ግን ይደብቃል። ብራና ጊዜንና ዝምድናን ያሳያል፤ እሽቅድምድሙን ይደብቃል። መምህራችሁ «በሰውነታችሁ ህዋስ ሁሉ ያለው ዲኤንኤ አንድ ነው» ካሉ እጃችሁን አውጡና «ከሞላ ጎደል» በሉ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ለአክስቴ ልጅ ስልክ ደወልኩላት። ይሄን ሁሉ ቁጥር አልነገርኳትም። «እታለም፣ ያን ቀን የነገርኩሽ ስሕተት ነበር» አልኳት። «ያንቺም የአባቷም ዘር አይደለም። ሆድሽ ውስጥ እያለች ህዋሶቿ ሲገለበጡ አንዲቷ አንድ ፊደል ሳተች። ማንም አላሳሳታትም።»

ትንሽ ዝም አለች። «እና ማርያም ስማታለች ያሉት እናት ከአንተ የተሻለ ነግረውኛላ» አለችኝ። ተከራከርኩ? አልተከራከርኩም። እሳቸው ስለ ደም ሥር ምንም አላስረዱም፤ ግን እናትን አልከሰሱም። የእኔ ፕላን ደም ሥሩንም ሳያስረዳ ከሷታል።

ቀጥላ «እስቲ ይህን ለአማቴም ደውለህ ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። ብራናው ላይ ስደርስ ወዲያው ገባቸው፤ የሐይቅ አካባቢ ሰው ናቸው።